የታደሰ የጀልባ ሞተር ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ተነስቶ መንስኤውን ማግኘት

ሞተሩ ተፈትቶ፣ ሲሊንደሩ ተስተካክሎ፣ አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ) ገብቶለት ወደ ጀልባው ተመልሷል። ቁልፉ ሲዞር ግን አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ይሞቃል፤ ወይም ያጨሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው እድሳቱ ተበላሽቷል ብሎ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) እንደገና ለማውረድ ይቸኩላል። እባካችሁ አትቸኩሉ። በዚህ ሥራ አጥብቄ የምይዘው አንድ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ለእድሳቱ ሲባል ተፈትቶ የተገጠመው ነው፤ ቀጥሎ ሳይታደስ በታደሰው ሞተር ላይ የተመለሰው አሮጌ ዕቃ ነው፤ የሞተሩ ውስጥ የሚጠረጠረው ሁለቱ ከተጣሩ በኋላ ነው። ባትሪው፣ የነዳጅ ታንኩ፣ የውሃ ቱቦዎቹና የጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር ወደ እድሳት አልሄዱም። የነበረባቸውን ችግር እንደያዙ ጀልባው ውስጥ ቆይተዋል።

እዚህ የምናየው በጀልባው ውስጥ ተቀምጦ በዘንግ ፕሮፔለር የሚያዞረውንና ከውጭ በሚስበው ውሃ የሚቀዘቅዘውን የናፍጣ ሞተር ነው። የእናንተ ሞተር በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ሥር ይጠራቀማል። ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት የአየር ማስወጫውን ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠሩት፤ ከዚያም ክዳኑን ከፍታችሁ በአፍንጫችሁ አረጋግጡ።

ሞተሪኖው (የማስነሻው ሞተር) አያዞረውም ወይም በዝግታ ያዞረዋል

የታደሰ ሞተር ብዙውን ጊዜ አዲስ ቀለም ይቀባል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበትን ቡሎን ፍቱ፣ ቦታውን ብረቱ እስኪታይ ፍቁ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። የሞተሪኖው መቀመጫም እንዲሁ ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ፍተሻው ቀላል ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያስነካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ኤሌክትሪኩ በመንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። በደንብ የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩን በሚያዞርበት ጊዜ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ደክሟል።

አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር ከድሮው ከበድ ብሎ ቢዞር አያስደነግጥም። ጥቂት ዞሮ በድንገት ድርቅ ብሎ ከቆመ ግን እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱ። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ አይታመቅም፤ በኃይል ብታዞሩት የፒስተኑ ዘንግ ይጣመማል። ይህ አደጋ በታደሰ ሞተር ላይ የሚበዛበት ምክንያት አለ። ሞተሩ በቀላሉ አልነሳ ሲል ሰው ደጋግሞ ያዞረዋል። ፓምፑ በእያንዳንዱ ዙር ውሃ ወደ ጭስ ማውጫው ይልካል፤ ሞተሩ ስላልተነሳ ግን ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ ጭስ የለም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ) ይሞላል፤ ከዚያም ውሃው በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሲሊንደር ይመለሳል።

መፍትሄው ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አውጥቶ ሞተሩን በእጅ ማዞር፣ ውሃውን ሁሉ ማስወጣት፣ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና በእጅ ማዞር ነው። ዘይቱን ለውጡ፤ ሞተሩን በዚያው ዕለት አስነስታችሁ አሙቁት፤ የወጣው ዘይት ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ደግማችሁ ለውጡ። ውሃው በተለይ ጨዋማ ከሆነ አንድ ሌሊት ማሳደር አዲሱን ሲሊንደር ለዝገት መስጠት ነው። ወደፊት ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ የውሃ መግቢያውን ዝጉ፤ እንደተነሳ ወዲያውኑ ክፈቱ። መክፈቱን እንዳትረሱ የሞተሩን ቁልፍ መዝጊያው ላይ አንጠልጥሉት። መግቢያውን ሳትዘጉት የቆመ ጀልባ ላይ ውሃ ከተገኘ ደግሞ ከውሃው ወለል በላይ ከፍ ብሎ የሚታጠፈውን ቱቦና በጫፉ ያለውን የአየር ማስገቢያ ተመልከቱ፤ በጨው ከተደፈነ ውሃው ሞተሩ ከቆመ በኋላም በራሱ እየተሳበ ይገባል።

በደንብ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

ነዳጅ ሳይደርሰው ነው። መጀመሪያ የማጥፊያው ገመድ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሶሌኖይድ በማጥፊያው ቦታ አለመቅረቱን እዩ፤ ሲገጣጠም ተገልብጦ የቀረ ማጥፊያ ብዙ ሰው አድክሟል። ቀጥሎ አየር ነው። መስመሩ ሁሉ ተፈትቶ ስለነበር ከታንኩ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል አስወጡ፦ የመጀመሪያው ፊልትሮ፣ ሁለተኛው ፊልትሮ፣ ከዚያ የኢንጀክሽን ፓምፑ። በአሮጌው ዓይነት ሜካኒካል ሥርዓት በመጨረሻ የኢንጀክተሮቹን ቱቦ ዳዶ (ማሰሪያ) ላላ አድርጋችሁ ናፍጣ ተቆራርጦ እስኪተፋ ድረስ ታዞራላችሁ። ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ለኢንጀክተሮቹ ሁሉ በሚያቀርበው፣ ኮመን ሬይል በሚባለው ሥርዓት ግን ይህን ፈጽሞ አትሞክሩ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል።

ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ አየሩ በመሳቢያው በኩል እየገባ ነው። ይህ ቀዳዳ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ በዚያ በኩል ግፊት ስለሌለ አየር ያስገባል እንጂ ነዳጅ አያወጣም። ለመለየት ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ በአዲስ ቱቦ ከነዳጅ ፓምፑ ጋር አገናኙ። በጀሪካኑ በደንብ ከሠራ ሞተሩን ተዉት፤ ችግሩ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ነው። ጀሪካኑም ካልረዳው ያን ጊዜ ብቻ የኢንጀክሽን ፓምፑ ሲገጠም የመርጫ ጊዜው ምልክት መገጣጠሙን ወደ መፈተሽ እለፉ።

ይሞቃል

የታደሰ ሞተር ቶሎ የሚሞተው በሙቀት ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። ሞተሩ እንደተነሳ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ከጭስ ጋር ውሃ መውጣቱን ተመልከቱ። ውሃ ካልወጣ ወዲያውኑ አጥፉ። የውጭውን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ኢምፔለር የተባለ የጎማ ክንፍ አለው፤ በደረቁ ከሠራ በጣም አጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። በየብስ ላይ «ትንሽ ልሞክረው» ብሎ ያለ ውሃ ማስነሳት የሚያስከፍለው ይህንን ነው።

ኢምፔለሩ ተሰብሮ ካገኛችሁት አዲስ አስገብታችሁ አትለፉ። የተሰበሩትን ክንፎች ቁርጥራጭ ቁጠሩ። የጎደለው የትም አልጠፋም፤ በቱቦው ተጉዞ የሙቀት መለዋወጫው (የውጭው ውሃ በሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን ውሃ የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) በር ላይ ተሰክቷል። ሞተሩ ሳይታደስ በፊት የተሰበረ ክንፍም እዚያው ሊገኝ ይችላል። የመለዋወጫውን ክዳን ከፍታችሁ ቀጫጭን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእንጨት ዘንግ ፈትሹ።

ውሃ ይወጣል ግን ያንሳል? የማጣሪያው ክዳን ጎማ ካልገጠመ ፓምፑ በውሃ ፈንታ አየር ይስባል። አሮጌ የመሳቢያ ቱቦ ደግሞ ሲቆም ደህና መስሎ፣ ፍጥነት ሲጨምር ከመሳቡ ኃይል የተነሳ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ በዓይናችሁ እዩት። ከሁሉም የሚረሳው ውሃና ጭስ የሚቀላቀሉበት ክርን ነው። ውስጡ በዝገትና በጥላሸት ይጠብባል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። አውጥታችሁ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። አዲስ ሞተር በአሮጌ ክርን ማሠራት የማልቀበለው ነገር ነው፤ ሲበሳም ውሃውን የሚመልሰው ወደ ሲሊንደር ነው።

ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ደህና ሆኖ በጭነት ብቻ ከሞቀ የውሃ መጠን ማነስን ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ፕሮፔለርን አስቡ። ከውጭ በቂ ውሃ እየፈሰሰ ከሞቀ በሞተሩ ውስጥ በሚዞረው ውሃ ውስጥ አየር ታስሮ ሊሆን ይችላል። የጀልባ ሞተር በዘንጉ መስመር አዘንብሎ ስለሚቀመጥ አየሩ የሚሰበሰብበት ከፍተኛ ቦታ በጋራዥ ውስጥ ከነበረው ይለያል። የመታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ታንክ ከሞተሩ ጋር ከተገናኘና ቱቦው ከመሙያው ክዳን ከፍ ብሎ ካለፈ አየሩ እዚያ ይታሰራል። ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በዝግታ እያሠራችሁ ሙሉ፤ ከሞቀ በኋላ ግን ክዳኑን አትንኩ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካለቀና በመሙያው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተራ የሚደርሰው አሁን ነው። ስታወርዱት ተገልብጦ አለመግባቱንም እዩ፤ የውሃ ቀዳዳዎቹ ከሞተሩ ቀዳዳዎች ጋር መገጣጠም አለባቸው።

የዘይት ግፊት ዝቅ ይላል

ጌጁን አትመኑት። ሲገጣጠም በሞተሩ ላይ የሌላ ሞተር ሴንሰር (ግፊቱን ለጌጁ የሚያስተላልፈው ዕቃ) ተገጥሞለት ወይም ሽቦው ተቀያይሮ ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩን ፍቱና በቦታው ሜካኒካል ጌጅ ገጥማችሁ፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ ከፋብሪካው ቁጥር ጋር አስተያዩ። በእርግጥ ዝቅተኛ ከሆነ ሞተሩን አጥፉ። የዘይት መሳቢያው ቱቦ ጎማ፣ የግፊት ማስተንፈሻው ሞላ (ስፕሪንግ)፣ በመጨረሻም የብሮንዚኑ ክፍተት ይፈተሻል። እዚህ ላይ ወደ አደሰው ባለሙያ መመለስ ተገቢ ነው።

ዘይቱ ወተት መሰለ

አታሠሩት። የዘይት ማቀዝቀዣው፣ የጓርኒሲዮኑ ወይም የክርኑ ውሃ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ሌላ መንገድም አለ፦ የውሃው ፓምፕ ጎማ ሲበላ ውሃው በዘንጉ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል። የፓምፑን ሆድ ሥር ተመልከቱ፤ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳው ክፍት መሆን አለበት።

ያጨሳል

ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አዲሱ ፋሻ እስኪቀመጥ ትንሽ ይታገሡታል፤ ካልቀነሰ ግን ጠይቁ፦ ሞተሩ ሥራ ያገኛል? በዝግታ ብቻ የሚሠራ አዲስ ሞተር ፋሻው በሲሊንደሩ ላይ በደንብ ሳይጫን ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት መብላቱን አይተውም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጭነት ስጡት፣ ፍጥነቱን ቀያይሩ፣ ለረጅም ጊዜ በአንድ ዙር አታቆዩት። ዘይቱ በዝቶም ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ስላዘነበለ የመለኪያ ዘንጉ ምልክት በዚያ ጀልባ ላይ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አለባችሁ።

ጥቁር ጭስ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አለመቃጠሉን ያሳያል፦ የአየር ማጣሪያ ተደፍኗል፣ የሞተሩ ክፍል አየር አያገኝም፣ ወይም ፕሮፔለሩ ከብዶታል። ጀልባው ለረጅም ጊዜ ውሃ ላይ ቆሞ ከነበረ ሆዱና ፕሮፔለሩ ላይ የበቀለውን ሳታጸዱ ሞተሩን አትውቀሱ። ነጭ ጭስ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሞቆም ከቀጠለ የኢንጀክሽን ጊዜውንና ውሃ መግባቱን መርምሩ።

ይንቀጠቀጣል

ማርሹ ውስጥ ሳይገባ ጸጥ ያለ፣ ሲገባ ግን የሚንቀጠቀጥ ሞተር ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ከዘንጉ ጋር ያለው መስመር ተዛብቶ ይሆናል። ሞተሩ ወጥቶ ሲመለስ መስመሩ ይለወጣል፣ አዲስ የመቀመጫ ጎማ ከገባለት ደግሞ ይበልጥ። ማርሹንና ዘንጉን የሚያገናኙትን ክብ ሳህኖች (ፍላንጆች) ቡሎኖች ፍቱ፣ ሁለቱን ፊቶች አቀራርቡ፣ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ለኩ። ልዩነቱ በ100 ሚሊ ሜትር የፍላንጅ ስፋት ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህን በየብስ ላይ ብትሠሩት ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ ጀልባው ውሃ ላይ ሲያርፍ ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጣል። ውሃ ላይ አንድ ሁለት ቀን ካደረ በኋላ፣ ታንኮቹ እንደወትሮው ተሞልተው ለኩ፤ አዲሶቹ ጎማዎች ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ጥቂት ዝቅ ስለሚሉ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ለኩና ዳዶዎቹን አጥብቁ።