ሚኒ ኮምፒውተር ሲግል፦ ፋን ከመቀየራችሁ በፊት

መጽሐፍ የሚያህሉት ሚኒ ኮምፒውተሮች ባሕር ዳርንም ደብረ ማርቆስንም ሞልተዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ወፍጮ ቤት፣ የትም ብትገቡ አንድ አታጡም። አብዛኞቹ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግለው የመጡ ናቸው። ጠንካራ ዕቃዎች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ጠላታቸው ሙቀት ነው። ቫይረስ መፈተሹን፣ ፎርማት ማድረጉን ጨርሳችሁ እንደመጣችሁ ቆጥሬ ልጀምር።

ጠዋት ደህና ነው፣ ረፋዱ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ ድርግም ይላል

መጀመሪያ አዳፕተሩን እዩ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የአዳፕተሩ መብራትም አብሮ ከጠፋ ችግሩ ምናልባት ከኤሌክትሪኩ ወይም ከአዳፕተሩ ነው። መብራቱ እንደበራ ማሽኑ ብቻ ከጠፋ፣ ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ ከተነሣ፣ ሙቀትን ጠርጥሩ። ሙቀት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ቁጥሩን ተመልከቱ። ሥራ ሳይኖረው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ቢያሳይ ደህና ነው። ሥራ ሲበዛበት 80 ቢደርስም አልደነግጥም። 95ን አልፎ ወደ 100 ሲጠጋ ግን የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እሱም ካልበቃው ማሽኑን ያጠፋዋል። «ኮምፒውተሬ አረጀ» ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይሄው ነው።

አሁን ደጋግሜ ወደማየው ጉዳይ ልግባ። ደብረ ማርቆስ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ማሽናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ሁለት ጊዜ ፋን አስቀየርኩ። አሁንም እንደ ምጣድ ይግላል» አሉኝ። ክዳኑን ስከፍተው ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ፋኑም አዲስ ነው። ሦስቱን ብሎኖች ፈታሁና ፋኑን ከሂት ሲንኩ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከሚያስወጣው ባለ ክንፍ ብረት ላይ አነሣሁት። ከሥሩ ግራጫ ነገር አለ፣ የተዳመጠ ሱፍ ይመስላል። በጥፍሬ ጫፉን ስይዘው እንዳለ ተላጠ። በታችኛው ፊቱ ላይ የሂት ሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች መስመር በመስመር ታትመውበታል። ፋኑ ስንት ወር ሙሉ ሲነፍስ የኖረው ይህን ግድግዳ ነበር። 97 ዲግሪ የነበረው ወደ 62 ወረደ። ሁለቱን ፋኖች የሸጠላቸው ሰው ሲቀይር አንድ ጊዜ እንኳ ከሥሩ አላየም። ይሄ ያናድደኛል። የእኚህ ሴት ብር ከወረቀት ላይ ሳንቲም በሳንቲም የተለቀመ ነው።

ያ ሱፍ ከወረቀት ብናኝ፣ ከፀጉር፣ ከልብስ ክርና ከመንገድ አቧራ የተሠራ ነው። የሚያጣብቀው ደግሞ ጭስ ነው። ቡና የሚቆላበት፣ እጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ የቆየ ማሽን አቧራው ቅባት ነክቶት በብሩሽ ብቻ አይለቅም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከረከቦቱ አርቁት። ወፍጮ ቤት ዱቄቱ አለ። በውቂያ ሰሞን እብቁ በመስኮት ይገባል። የደጋችን አየርም ራሱ ቀጭን ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ክብደት ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፋኑ እኩል ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ለዚህ ነው እዚህ ትንሽ መዘጋት ቶሎ የሚታወቀው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገመዱን ንቀሉ። ፋኑን ከሂት ሲንኩ ለዩት፤ ሳትለዩ መንፋት ዋጋ የለውም፣ አቧራውን ክንፎቹ መሐል ጠቅጥቆ ያስቀምጠዋል። የተነባበረውን በእጅ አንሡ። የቀረውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ፣ ከዚያ ከመውጫው ወደ መግቢያው በብሎወር ንፉ። ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት። ያለ ልክ ከዞረ ቦታውን ይለቅና ከዚያ በኋላ ሲንጫጫ ይኖራል።

ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕረሰር አታስነፉ። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ! የኮምፕረሰሩ ጋን ውስጥ ውኃና ዘይት አለ። ፍኖተ ሰላም አንድ ወጣት ጎማ በሚነፋበት አስነፍቶ፣ ወዲያው ሶኬት ላይ ሰክቶት ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። ዕድሜውን ያጠራቀመበት ማሽን ነበር። በእርጥብ ጨርቅም አትጥረጉ። በአሴቶንም አትንኩት።

ፋኑን ካነሣችሁ አይቀር ፔስቱንም፣ ፕሮሰሰሩና ሂት ሲንኩ መሐል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቀይሩ። ሂት ሲንኩን ከማላቀቃችሁ በፊት ማሽኑን አሥር ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉት፤ ሞቅ ሲል ፔስቱ ይለቃል። በኃይል አትሳቡት፣ ቀስ እያላችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ የሚባለው ኩባንያ ሥሪት ከሆነ ተጣብቆ አብሮ ሊነቀልና እግሩ ሊጣመም ይችላል። አሮጌውን ፔስት በአልኮልና በጥጥ ጥረጉና አድርቁት። አዲሱ ከአንድ ፍሬ ምስር ብዙም አይብለጥ። ከብሎኖቹ አጠገብ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ከተጻፈ በዚያው ተራ እሰሩ፣ ካልተጻፈ በዲያጎናል፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያጠበቃችሁ።

በፔስት ፈንታ የጥርስ ሳሙና የቀቡም አጋጥመውኛል። ሲሞቅ ይደርቅና እንደ ኖራ ይፈረፈራል። እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ስም የሌለው ነጭ ፔስትም አትግዙ። ሁለት ወር ሳይሞላው ከፍቼ ደርቆ አግኝቼዋለሁ።

ጸድቷል፣ ግን አሁንም ይግላል

ፋኑና ሂት ሲንኩ ላይ የሚገጠመው የፕላስቲክ ሽፋን አለ? ጠጋኙ «ምንም አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። አየሩን እየመራ በክንፎቹ መሐል የሚያሳልፈው እሱ ነው። እሱ ከሌለ የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል። ክዳኑን ከፍቶ ማሠራትም መፍትሄ አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ማሽኖች አየሩ መንገዱን ይስትና ዲስኩ ይግላል።

ቦታውንም እዩ። መሳቢያ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ሁለቱ ተደራርበው መሆን የለበትም። ከኋላው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዉ።

ፋን ጨመርኩ፣ ባሰበት

ዞሮ ተገጥሟል። አየር የሚወጣው ፋኑን የሚይዙት የፕላስቲክ እጆች ባሉበት በኩል ነው። ቁራጭ ሶፍት አስጠጉ፤ ወደ ፋኑ ከተሳበ ያ መግቢያው ነው። አንዱ ከፊት ያስገባ፣ ሌላው ከኋላ ያስወጣ። ስትገዙ ቮልቱን አንብቡ፣ 12 እና 5 ቮልት ይለያያሉ። ማሽኑ ባለ 4 ሽቦ ፋን ካለው ባለ 2 ሽቦ አታስገቡ፤ ሲነሣ የፋን ስህተት እያለ ይቆማል፣ ወይም ፍጥነቱን መቆጣጠር አይችልም።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ከዘገመ አዳፕተሩን እዩ፤ 90 ዋት የሚፈልገው በ65 ሲሠራ የሚንቀራፈፍበት ጊዜ አለ። የሙቀት መለኪያው ራሱ ሲበላሽ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው።

ባለፈው መጋቢት ባሕር ዳር አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ማሽኑን ከፈትኩት፣ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ፔስቱም አልደረቀም። ሳልከፍተው የለካሁት ሙቀት ግን 93 ነበር። ቀና ስል የቤቱ እናት እንዳያቆሽሽ ብለው ያለበሱት ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስጀምር እኔው ነኝ ያነሣሁት። «እማማ፣ ይሄ ከቴሌቪዥኑ ላይ ይሁን» አልኳቸው። ዳንቴሉ ተነሥቶ ሥራ ላይ እያለ 71 ሆነ።

ቤት ውስጥ ያለውን በስድስት ወር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውን በሦስት ወር አንዴ ክፈቱት። ወፍጮ ቤት ከሆነ በየወሩ።