የስንብት ክፍያ ግብራችሁን ሳታሰሉ እንዳትፈርሙ

አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ከሥራ ሲወጣ መንግሥት የሚሰጠው የሥራ አጥ ድጎማ ራሱ ግብር አለበት ሲለኝ ስቄ ነበር። እኛ ጋ ድጎማውም የለ። ያለን የስንብት ክፍያ ነው፣ አሠሪው አንዴ ይሰጣችኋል፣ አለቀ። እሱም ግን ግብር አለበት። ይሄን የነቃሁት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ጎረቤቴ ከሥራ ተቀንሳ፣ የሒሳብ ወረቀቷን ይዛ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ቤቷ ስትገባ ነው።

መጀመሪያ የሚገባችሁን እወቁ። በአዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል። ይሄ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከወጣችሁ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው፣ አስታዋሽም የለም።

የእሷ ደመወዝ ሳይጣራ 6,000 ብር፣ አገልግሎቷ 4 ዓመት። 6,000 ለመጀመሪያው፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት 2,000፣ 2,000፣ 2,000፣ በዚያ ላይ የ60 ቀኑ 12,000። ድምሩ 24,000 ብር።

አሁን ግብሩ። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ከሥራ ስትሰናበቱ የምታገኙት ክፍያ እንደ ደመወዝ ገቢ ነው የሚቆጠረው፣ አሠሪው ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል፣ እናንተ የምትሞሉት ቅጽ የለም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በወር እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው። የወሩ ገቢ ከ4,001 እስከ 7,000 ከሆነ ሙሉው በ20 በመቶ ተባዝቶ 500 ይቀነስለታል፣ ከ14,000 በላይ ከሆነ ደግሞ ሙሉው በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ይቀነስለታል።

ጉዱ ያለው እዚህ ነው። የእሷ ፋብሪካ 24,000ውን የአንድ ወር ደመወዝ አስመስሎ አሰላው፣ ግብሩ 6,350 ወጣ። የተለመደው አሠራር ግን ክፍያውን ለወር ደመወዝ አካፍሎ በየወሩ ማሰብ ነው። 24,000 ለ6,000 ሲካፈል 4 ወር፣ የ6,000 ብር ግብር 700፣ በ4 ሲባዛ 2,800። ልዩነቱ 3,550 ብር! ሥራ ለሌለው ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የጡረታውን 7 በመቶም ከስንብት ክፍያ ላይ ቆርጠውባችሁ እንደሆነ እዩ፣ እሱ ከደመወዝ እንጂ ከዚህ አይቆረጥም።

ስለዚህ "ፈርሚና ውሰጂ" ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ዝርዝሩን በወረቀት ጠይቁ፣ ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ራሳችሁ አስሉት፣ ካልገጠመ የእናንተን ስሌት ጽፋችሁ ለፋይናንስ ስጡ፣ ቅጂውን ግን ያዙ። እምቢ ካሉ የሠራተኛ ማኅበሩን ይዛችሁ ሂዱ። ክፍያው ከተሰናበታችሁ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ክስ ካስፈለገ ደግሞ ዛሬ ነገ ስትሉ 6 ወር እንዳያልፍባችሁ፣ ከዚያ በኋላ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ይታገዳል።