በታልክ ፓውደር ታመምኩ የሚል ሰው ምን ይያዝ?

አሜሪካ ውስጥ «ታልክ ያለበት ፓውደር ካንሰር አመጣብን» ብለው አምራቾችን የከሰሱ ሰዎች አሉ። ይህን የሰማችው ደብረ ማርቆስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ «የፓውደሩን ካሳ እኛም እናገኛለን ወይ?» አለችኝ። ቀላል አይደለም። ግን ማስረጃ መያዝ ዛሬ ይጀመር።

ዕቃውን እንዳትጥሉት፣ ባዶም ቢሆን። ፓውደሩ የተሠራው ከታልክ (የማዕድን ዱቄት) ነው ወይስ ከበቆሎ ስታርች? ጽሑፉንና የምርት ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ የትኛው ሰውነት ላይ እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። የፓውደር ደረሰኝ ማን ያስቀምጣል? ስለዚህ ባለሱቁን ወይ ጎረቤትን በምስክርነት ያዙ።

ከሁሉም የሚበልጠው የሐኪም ወረቀት ነው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ታክማችሁ ከሆነ የባዮፕሲውን (ከሰውነት ተቆርጦ የተመረመረውን ናሙና) ውጤት ኮፒ ጠይቁ። «ካንሰር» ብቻ አይበቃም፣ ዓይነቱ ይጻፍ፤ ምክንያቱም የአሜሪካዎቹ ክሶች በብዛት የሚያተኩሩት በእንቁላል እጢ ካንሰርና አስቤስቶስ ከሚባለው ጎጂ ማዕድን ጋር በሚያያዘው ሜሶቴሊዮማ (የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰር) ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ታልክን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መድቦታል። ይህ ግን የእናንተን ሕመም እሱ አመጣው ማለት አይደለም፣ ጠበቃው የሚለፋውም እዚህ ጋ ነው።

የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085 ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው በአግባቡ ተጠቅመውበት ጉዳት ቢያደርስ ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2143 ደግሞ የካሳ ክስ ለማቅረብ የሁለት ዓመት ገደብ አለው፣ ስለዚህ ሳትዘገዩ ጠበቃ አማክሩ።

«አሜሪካ ላስመዝግብህ፣ መጀመሪያ ብር ላክ» የሚል ደላላ ከደወለ ስልኩን ዝጉበት።