ከጋስትሮስኮፒ በኋላ፦ መቼና ምን መብላት እንደሚገባ፣ እስከ ማግስቱ ምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ

በአዲስ አገር ገና ኑሮ በመጀመር ላይ ያለ ሰው ጋስትሮስኮፒ፣ ማለትም ጨጓራን በካሜራ የማየት ምርመራ፣ ሲታዘዝለት በአብዛኛው የሚያስጨንቀው ካሜራ ያለበት ቱቦ በአፉ መግባቱ ነው። ምርመራው ራሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ይበልጥ መዘጋጀት የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ላለው አንድ ቀን ነው፤ የሐኪሞቹን ቋንቋ ገና በመልመድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ይህ ዝግጅት እጥፍ ነው።

አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባዎት፣ የሚሰጥዎት ጉሮሮን የሚያደነዝዝ ስፕሬይ ብቻ እንደሆነ ወይም በደም ሥር የሚገባ የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒትም እንደሚጨመርበት ነው። ከምርመራው በኋላ መቼ እንደሚበሉና ወደ ቤት እንዴት እንደሚሄዱ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ስፕሬይ ከተነፋልዎት ጉሮሮዎ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ድረስ ደንዝዞ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሚውጡትን ነገር በደንብ ስለማይሰማዎት ምግብም ሆነ መጠጥ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ፣ ትኩስ ነገርም ሳይታወቅዎት ሊያቃጥልዎት ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው እስኪፈቅድልዎት ድረስ ምንም አይቅመሱ። ከተፈቀደልዎትም በኋላ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ከቀዝቃዛ ውኃ አንዲት ጉንጭ ብቻ ይጎንጩና ትንሽ ይጠብቁ፤ ካላሳለዎትና ትን ካላለዎት ይቀጥሉ፣ ካሳለዎት ግን ብርጭቆውን አስቀምጠው ለነርሷ ይንገሩ።

ለምርመራው ሲባል ለሰዓታት ሳይበሉ ስለቆዩ ረሃቡ ሊበረታ ይችላል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ምግብ ጥቂትና ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ለብ ያለ ሾርባ፣ እርጎ፣ ሙዝ ወይም የተፈጨ ድንች ይበቃል። ጉሮሮ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊከረክር ስለሚችል ደረቅና ጠንካራ፣ ቅመም የበዛበት ወይም በጣም ትኩስ ምግብ ለዕለቱ ቢቀር ጥሩ ነው። ከዚህ በቀር አብዛኛው ሰው ወዲያው ወደ ተለመደው ምግቡ መመለስ ይችላል። የምግብ ቧንቧው እንዲሰፋ የተደረገለት ወይም ሌላ ሕክምና የተጨመረለት ሰው ግን የተለየ የአመጋገብ መመሪያ ስለሚሰጠው ያንን መከተል አለበት። ሆድ ቢነፋና ግሳት ቢበዛ አያስደንግጥዎ፤ ጨጓራው በደንብ እንዲታይ የተነፋበት አየር ነው፣ ቀስ ብሎ መራመድም ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል።

የሚያስተኛ መድኃኒት ከወሰዱ ደግሞ አእምሮዎ የነቃ ቢመስልዎትም ውሳኔዎና ቅልጥፍናዎ ገና አልተመለሱም። ለ24 ሰዓት መኪና መንዳት፣ በማሽን መሥራት፣ አልኮል መጠጣትና ሰነድ መፈረም አይፈቀድም፤ አዲስ ለመጣ ሰው ይህ የቤት ኪራይ ውልንና የሥራ ውልንም ይጨምራል። ብዙ ሆስፒታሎች ወደ ቤት የሚያደርስ አዋቂ ሰው ከሌለ ምርመራውን ይሰርዛሉ፤ የታክሲ ሾፌር ብቻውን እንደ አጃቢ አይቆጠርም። ዘመድ በአቅራቢያዎ ከሌለ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ መጠየቅ ነውር የለውም። የሚጠይቁት ሰው ከጠፋ ደግሞ ለሆስፒታሉ ቀድመው ያሳውቁ፣ ምርመራው በስፕሬይ ብቻ ሊደረግ ይችል እንደሆነም ይጠይቁ።

ከሁሉም አብልጬ ላሳስብ የምወደው ስለ ማስታወስ ነው። እንደ ሚዳዞላም ያሉ የሚያስተኙ መድኃኒቶች ከምርመራው በኋላ የተነገረውን ያስረሳሉ፤ ሐኪሙ ሲያስረዳ ነቅተው ራስዎን እየነቀነቁ ያዳምጡና በማግስቱ አንዱም ቃል ላይታወስዎት ይችላል። ስለዚህ አስተርጓሚ ሲጠይቁ ከምርመራው በፊት ለሚፈርሙት ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ለመጨረሻው ገለጻም እንዲገኝልዎት ይጠይቁ፤ ልጆችን ለዚህ ማስጨነቅ አይገባም። አጃቢዎም አብሮ ይስማ፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሰጥዎት። በወረቀቱ ላይ ምን እንደተገኘ፣ ናሙና ተወስዶ እንደሆነ፣ ውጤቱ መቼና በማን በኩል እንደሚደርስዎት፣ ያቋረጡትን መድኃኒት፣ በተለይም የደም ማቅጠኛና የስኳር መድኃኒትን፣ መቼ እንደሚጀምሩ መጻፉን ያረጋግጡ። ውጤቱ በተባለው ቀን ካልመጣ ዝምታውን እንደ መልካም ዜና አይውሰዱት፣ ደውለው ይጠይቁ።

ከባድ ችግር የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲያጋጥም ግን ጊዜ አይሰጥም። እየባሰ የሚሄድ የሆድ፣ የደረት ወይም የአንገት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት፣ መዋጥ አለመቻል፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ ጥቁርና የሚጣበቅ ሰገራ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ ወይም የአገሩን የድንገተኛ ስልክ ይደውሉ። የአይረን ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ቀድሞም ሊጠቁር ስለሚችል ይህንን ለሐኪሙ መግለጽ አለበት። ሲደውሉ አስቀድመው የሚናገሩት ጋስትሮስኮፒ እንደተደረገልዎትና በየትኛው ቀን እንደሆነ ነው፤ የተሰጠዎትን ወረቀትም ይዘው ይሂዱ።