አንድ መኪና ለውድድር ሜዳም ለዕለት መንገድም፦ ሾክ አብዞርበር እንዴት ይስተካከላል?

«መኪና በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል» ሲባል አምኜ የሾክ አብዞርበሮቹን ማስተካከያ ሁሉ እስከ መጨረሻው አጥብቄ ሜዳ ገባሁ። ሸካራ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን እየለቀቁ ነጠሩና መኪናው ከመስመር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን የምጀምረው ከማላላት ነው።

ያለቀ ጎሚኒ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያለው ላስቲክ) ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ ሾክ አብዞርበር ካለ መጀመሪያ ይቀየር። የጎማ ነፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ቀጥሎ የመኪናው ከፍታ። አጭር ሞላ ገዝቶ መኪናን መሬት ማስነካት እኔ የምቃወመው አቋራጭ ነው፤ ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ ሲያጣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገብ ላይ ያርፋል። የጎማ አሰላለፍ ከፍታው ከተወሰነ በኋላ ይሠራል፤ ከፍታ ሲለወጥ የጎማው ዝንባሌም አቅጣጫም አብሮ ይለወጣልና።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ሾክ አብዞርበር ሁለት ሥራ አለው፦ ሞላው ሲጨመቅ ይይዘዋል፣ ሲመለስም ያዘገየዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመመለሻው ነው። መመለሻው ከልክ በላይ ከጠበቀ ሞላው ከአንዱ ጉድጓድ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ መኪናው ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ይሄዳል፣ ግልቢያውም ይደርቃል። ነጂው «ሞላው ጠንክሯል» ብሎ ሞላ ይቀይራል። ጥፋቱ ግን የሞላው አይደለም።

ስለዚህ የመጨመቂያውንም የመመለሻውንም ማስተካከያ ሙሉ በሙሉ አላሉና በምታውቁት ወጣ ገባ መንገድ ንዱ። መኪናው እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። መመለሻውን ሁለት ሁለት ጠቅታ (ማስተካከያው ሲዞር «ጠቅ» የሚልበት አንድ እርከን) እያጠበቃችሁ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ተመላለሱ። አንድ ጊዜ ወርዶ፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ቀጥ ሲል አቁሙ፤ የዕለት መንገድ ልኩ ይህ ነው። መጨመቂያውን ከዚያ በኋላ በጥቂቱ ንኩት። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

ለሜዳ ከዚሁ ልክ ተነሥታችሁ ጥቂት ጠቅታ አጥብቁ። መኪናው ኩርባ ላይ በፊት ጎማዎቹ ወደ ውጭ እየተንሸራተተ መሪውን እንቢ ካለ የፊቱን ስታቢላይዘር (ግራና ቀኙን አገናኝቶ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) አላሉ ወይም የኋላውን አጠንክሩ።

የመንገዱንም የሜዳውንም የጠቅታ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። ከሜዳ ስትመለሱ ግራና ቀኙን ሙሉ በሙሉ ከጠበቀበት ጫፍ ጀምራችሁ እየቆጠራችሁ ወደ መንገዱ ቁጥር መልሱ።