የቤት ካሜራችሁ ዋይፋይ አልይዝ ካለ

አዲሱ ካሜራችሁ ዋይፋይ አልይዝ ካለ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ። ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች የሚሠሩት ከዋይፋይ ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ የ5 ጊጋኸርዙን ኔትወርክ ጭራሽ አያዩትም። ራውተራችሁ ሁለቱንም በአንድ ስም የሚያወጣ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ለየብቻ ስም ስጧቸው፣ ከዚያ ስልኩንም ካሜራውንም 2.4ቱ ላይ አገናኙ። ይህንን ደግሞ ራውተሩ አጠገብ ሆናችሁ ጨርሱት እንጂ ከሰቀላችሁት በኋላ መሰላል ላይ ቆማችሁ አትታገሉ። የምትሰቅሉት የግቢ በር ላይ ከሆነ፣ ወፍራም ግንብና ቆርቆሮ ሲግናሉን ስለሚያዳክሙት መጀመሪያ እዚያው ቦታ ላይ ዋይፋዩን በስልካችሁ ሞክሩት።

አደራ፣ ከካሜራው ጋር የመጣ የይለፍ ቃል ካለ ዛሬውኑ ቀይሩት! እሱን የሚያውቅ ሰው ቤታችሁን ቁጭ ብሎ ሊያይ ይችላል።