ዩፒኤስ እያለ ኮምፒውተሬ ለምን ይጠፋ ነበር?

ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፣ ለጌምና ለአኒሜሽን ብዬ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር አብሮ ይጠፋ ነበር። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አለው። ባትሪውም ደህና ነው። ኢንተርኔት ስጎረጉር መብራት ቢሄድ ምንም አይሆንም። ብሌንደር በሚባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ሬንደር ሳደርግ (የሠራሁትን ወደ ምስል ወይም ቪዲዮ ሳስቀይር) ከሆነ ግን ዩፒኤሱ አንዴ ይጮህና ሁሉም ነገር ጭልም።

መልሱ ከዩፒኤሱ ጀርባ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ነበር። በትልቁ 650 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ይላል። ከስሩ በደቃቅ ፊደል 360 ዋት፤ ዩፒኤሱ በትክክል መሸከም የሚችለው ይህን ያህል ነው። አርቲኤክስ 3080 የሚባለው የግራፊክስ ካርዴ ብቻውን እስከ 320 ዋት ይበላል። ፕሮሰሰሩና ሞኒተሩ ሲጨመሩበት 360 የት ይደርሳል! ዩፒኤስ ስትገዙ ቪኤውን ተዉት፤ ዋቱን እዩ።

በ900 ዋት ቀየርኩት። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሆነውን (እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠውን) መረጥኩ፤ የርካሾቹ ዩፒኤሶች ሞገድ ከአንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው) ጋር አይስማማም። 750 ዋቱን ፓወር ሰፕላይ አልነካሁትም፤ ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው ልክ ነው።

ከዚያ ሬንደር አስጀምሬ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ነቀልኩ። ጮኸ፤ ሬንደሩ ግን ቀጠለ። ሥራን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት በቂ ጊዜ ይሰጣል።